በመቀስ ይሁን

እትዬ ቆራጥ ልጃቸው በፀጉራቸው ላይ ሲወስን የሰሙት መታጠቢያ ቤት ቆመው በግራ እጃቸው ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አይገጥምም፤ ኮሪደሩ ላይ የሚወራው ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባል። ልጃቸው ከእህቱ ጋር በስልክ እያወራ ነበር። ሸሚዙን እየቆለፈ ስለሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ የጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል። «በቃ ዛሬ እንላጫት» አለ። «ከጓደኛዬ ቶንዶስ ተውሻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አስፈቅጄ እመጣለሁ፤ አንቺም ነይና ያዢልኝ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«እሺ ብላለች?» አለች እህቱ ከስልኩ ውስጥ።

«ማን ይጠይቃታል? ከጠየቅናት እስከ ማታ ስንከራከር መዋላችን ነው። ደሞ ከቤት አትወጣ፤ ማን ሊያያት ነው?»

እህቱ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሥራ ሲቀልለት የሚስቀው ዓይነት ነው። እትዬ ቆራጥን አንጀታቸው ድረስ ያቃጠላቸውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሳቅ ቢሆን ኖሮ በሩን በርግደው ወጥተው የልባቸውን ይናገሩ ነበር። ደግሞ ያቺ «ያዢልኝ» የምትል ቃል። የሚያዘው በግ ሲሸለት ነው። እትዬ ቆራጥ አፋቸው ውስጥ ያለው ሳሙና ሟሙቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆሙ፤ ከዚያ ተጉመጥምጠው ተፉ፤ የልጃቸው እርምጃ ወደ ማድ ቤት እስኪርቅም ጠበቁ።

እትዬ ቆራጥ የተባሉት እናታቸው አውጥታላቸው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ቆራጭ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የቢሮ ጸሐፊ የሠራተኛ ዝርዝር ሲተይብ ከስማቸው ትይዩ «ቆራጭ» ማለት ሲገባው «ቆራጥ» ብሎ ተየበ፤ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ጠፋ። በስህተት የወጣላቸው ቢሆንም አልካዱትም። ሥራው ራሱ እንደዚያ ነበር። ጨርቁ በድርብርቡ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ ንድፉ በጠመኔ ይሠመራል፣ ስለቱ አንዴ ከገባ በኋላ ይቅርታ የለም፤ እጅ ትንሽ ከሳተ ስልሳ ሸሚዝ አንድ ላይ ነው የሚበላሸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ያበላሹት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ ያስታውሷቸዋል።

ያ እጅ ነው እንግዲህ ከአምስት ሳምንት በፊት እዚሁ መታጠቢያ ቤት እርጥብ ወለል ላይ አንጓው የተሰበረው። ሐኪሙ እስከ ክርናቸው በጄሶ ጠቀለለው። መብላቱ በግራ እጅ ተለመደ፤ ቁልፉም ዚፑም እያደር ተለመደ፤ ፀጉሩ ግን አልሆነም። የእትዬ ቆራጥ ፀጉር ወገባቸው ድረስ የሚወርድ፣ ሙሉ ለሙሉ የሸበተ፣ በሁለት ተጎንጉኖ ራሳቸው ላይ የሚጠቀለል ነው፤ ሁለት እጅና ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ምራታቸው ሁለት እሁድ አጠበችላቸው። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ውላ በዕረፍት ቀኗ የአማቷን ፀጉር ጎንበስ ብላ ስታበጥር አላማረረችም፤ ማበጠሪያው ግን እጇ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛው እሁድ ተረኛ ሆነች፤ አራተኛው እሁድ አመማት። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ሻሽ ስር ገባ፤ ሻሽ ስርም እርስ በርሱ ተያያዘ። የነካው የለም፤ ወሬውንም ያነሳ የለም።

ማድ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ቆሞ ሻይ ይጠጣል። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ምንጊዜም ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለ፣ ብርጭቆውን እያየ። «ምን አለ?» አሉ። «ኧረ እንዲሁ።» ምራታቸው ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋው ዳቦው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው፣ ባሏን አየችው፣ ተመልሳ ዳቦዋን አየች። ልጅየው ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ምራትየዋ የሥራ ልብሷን ቁልፍ ፈታች፣ መልሳ ቆለፈች። «እማማ…» አለች። እትዬ ቆራጥ ጠበቁ። «ዳቦው ሌማቱ… እዚያ ፌስታሉ ውስጥ አለ፤ እንዳይደርቅ» አለችና ቦርሳዋን አንግታ ተከትላው ወጣች።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ቆራጥ ለባብሰው ጨርሰዋል። ግራጫ ሹራባቸውን በጄሶው ላይ ለማሳለፍ ቁም ሳጥኑን ተደግፈው ታግለዋል፤ ሻሹን በአንድ እጅ ማሰር አልሆን ሲላቸው አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው አሰሩት። ከልብሳቸው መሀል የጡረታ ብራቸው ያለበትን ቦርሳ አወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከአደጋው ወዲህ ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም፤ ልጃቸው «ደግመሽ ብትወድቂ የሚያነሳሽ የለም» ብሎ ስላስጠነቀቀ ነው። «ብወድቅም በእግሬ ሄጄ ልውደቅ» አሉ ለራሳቸው፣ በሩንም ሳብ አድርገው ወጡ።

የሴቶቹ ፀጉር ቤት ሁለተኛው መንገድ ማዶ ነው። በሩ መስታወት ነው፤ ውስጡ የተቃጠለ ፀጉርና የሽቶ ሽታ አለ፤ አንዲት ሴት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ራሷን አስገብታ ስልኳን ትነካካለች፤ ሌሎቹ ሦስት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የረዘመ ልጅ ተነስታ መጣች። «እማማ፣ ማን ይዞዎት መጣ?» አለች፣ ከጀርባቸው ሰው እየፈለገች። «እግሬ» አሉ እትዬ ቆራጥ። «ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ሁለት ቦታ እንድትጎነጉኑልኝ ነው።» ልጅቷ የሻሹን ጠርዝ በሁለት ጣት ከፍ አድርጋ አየች፤ ያየችውን ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። ከጓደኛዋ ጋር ተያዩ። «ዛሬ እንኳን ሞልተናል፤ ቅዳሜ ከልጅዎ ጋር ቢመጡ?» አለች በጣም በለሰለሰ ድምፅ። እትዬ ቆራጥ ሦስቱን ባዶ ወንበሮች አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ልጅቷም አብራቸው ተመለከተች፤ ጉንጯ ቀላ። «የሞላው ደግሞ እንዲህ ከሆነ ባዶውን ያሳየን» ብለው ወጡ።

ሁለተኛው ቤት የሚሠራው በዊግና በሰው ሠራሽ ፀጉር ብቻ ነበር፤ ሻጯ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጥቁር ዊግ አውርዳ «ይሄ ሁሉን ይሸፍንልዎታል» አለቻቸው። «የምሸፍነው ነገርማ ሞልቶኛል» አሉ፤ ዊጉን ግን እንደ ጨርቅ ገልብጠው ስፌቱን አዩት፤ ስፌቱ የማይረባ ነበር። መንገድ ላይ ወጡ። ፀሐይዋ በርትታለች፣ ሻሹ ስር ራሳቸው ይበላቸዋል፣ በግራ እጅ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማከክ አይሆንላቸውም። ለአፍታ ወደ ቤት ስለ መመለስ አሰቡ። ያኔ ግን ሰዓቱ ይደርሳል፤ ቶንዶሱ ይመጣል፤ ልጃቸው በትህትና፣ ሴት ልጃቸው በሳቅ ይይዟቸዋል።

ያስቆማቸው የአንድ ሰው ክርን ነው። ከቁልፍ ቀራጩና ከጫማ መሸጫው መሀል አንድ ጠባብ የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ አለ፤ እትዬ ቆራጥ ለዓመታት በደጁ ሲያልፉ አንድም ቀን ወደ ውስጥ አላዩም። አሁን ግን በመስኮቱ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው የአንድ ሽማግሌ ማጅራት ሲያስተካክል አዩ። ማበጠሪያው ፀጉሩን ያነሳል፣ መቀሱ ይከተላል፣ ማበጠሪያው ከፍ ይላል፣ መቀሱ ይከተላል፤ ክርኑ ግን ከጎኑ ንቅንቅ አይልም፤ ሥራው ሁሉ ከአንጓ በታች ነው። እሳቸው ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ «ክርንሽን ያዢ!» እያሉ ሲጮሁ የኖሩት ስለዚህ ነበር። ገብቷት የያዘችው ከአሥሩ አንዷ ብትሆን ነው። እትዬ ቆራጥ ሽማግሌው ተስተካክሎ እስኪነሳ ድረስ መስኮቱ ላይ ቆመው አዩ። ከዚያ በሩን ገፉ።

ውስጥ ተራ የሚጠብቅ አንድ የታክሲ ሾፌር ነበር። «እማማ፣ ይሄኮ የወንዶች ነው» አለ፣ በቅንነት።

«ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ» አሉ። «ተራዬ ካንተ ቀጥሎ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን በጨርቅ እየወለወለ ዞረ። ደንበኞቹ ያወጡለት ስም «ጭጭ» ነው፤ ሌላው ፀጉር ቤት ሬዲዮውም ሰውም ሲጮህ ይውላል፣ እዚህ ግን ከመቀስ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። «እናቴ፣ እኔ ሴት ቆርጬ አላውቅም» አለ።

«እኔም ወንዶች ቤት ተቆርጬ አላውቅም። እኩል ነን።»

«ልጆችዎ ያውቃሉ? በኋላ መጥተው እንዳይጣሉኝ…»

«እዚህ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ልጆቹን ታስፈቅዳለህ?»

ጭጭ ጥያቄውን የምር አሰበበት። «አላስፈቅድም» አለ በመጨረሻ። ሾፌሩ ሳቅ አመለጠው፤ ተነስቶም «ይቅደሙኝ፤ እኔስ ይሄን ሳላይ አልሄድም» ብሎ ወንበሩን በእጁ አሳየ።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሻሹን የሚፈታው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ጭጭ አልነካውም፤ ጠበቀ። እትዬ ቆራጥ በግራ እጃቸው ቋጠሮውን ፈልገው አገኙት፣ ሳቡት፣ ሻሹ ጭናቸው ላይ ወደቀ። መስታወቱ ውስጥ ያዩት ነገር አሳፈራቸው። ግንባራቸው ላይ ያለው ተንጨፍርሯል፤ ከኋላ ያለው እንደ ጠገበ ድመት ማጅራታቸው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሦስት ሳምንት ማንም እንዲያየው አልፈቀዱም ነበር፣ ራሳቸውም ጭምር። ዓይናቸውን ወደ ጄሶአቸው መለሱ። ጭጭ «ኧረ!» አላለም። እጁን ታጠበ፤ ውሃውን ለብ አድርጎ ፀጉሩን አረጠበው፤ ከዚያ ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ አሳለፈ፣ ሲይዘው እየቆመ፣ እንደገና ከሌላ በኩል እየጀመረ። እትዬ ቆራጥ እሳቸውም አዲስ ጨርቅ ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚዳስሱት።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለ።

«የመጣሁት ለሱ ነው።»

«ከላይ ያለው ደህና ነው። ከማጅራትዎ በላይ ያለው ተቋጥሯል። ልፍታው ብል እስከ ማታ ይፈጃል፣ ያምዎታል፣ ግማሹም መነቀሉ አይቀርም። ከቋጠሮው በላይ ብቆርጠው ግን ጤነኛ ፀጉር አለ፤ አራት ጣት ይሆናል። ወይ ደሞ በቶንዶስ አንስቼ ዜሮ ላድርገው፤ አሥር ደቂቃ ነው። እንደ ምርጫዎ።»

እንደ ምርጫዎ። እትዬ ቆራጥ ይህን ቃል ስለ ምን ስለ ምን ሰምተውት እንደሚያውቁ አሰቡ። ሱቅ ውስጥ ስለ ጨርቅ ቀለም፣ ሐኪም ቤት ስለ ኪኒንና ስለ መርፌ ሰምተዋል፤ ስለ ፀጉራቸው ግን ሰምተው አያውቁም። ልጅ ሳሉ እናታቸው በጉልበቷ መሀል አስገብታ ዓይናቸው እስኪጠብ ድረስ እየሳበች ትጎነጉናቸው ነበር፤ ካለቀሱ በማበጠሪያው ጀርባ ትነካቸዋለች። በስምንት ዓመታቸው አንዲት መምህርት ክፍል ውስጥ ቅማል ተገኘ ብላ አንድ ረድፍ ሙሉ ሴቶች በምላጭ አስላጨች፤ እሳቸው ቅማል አልነበረባቸውም፣ በደሉ ያ ረድፍ ላይ መቀመጣቸው ነው። ፋብሪካ ሲገቡ አንዲት የመተኮሻ ክፍል ልጅ ጉንጉኗ ማሽን ውስጥ ገብቶባት ራሷ ተገፈፈና ትእዛዝ ወጣ፤ አለቃው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጣቱን ቆባቸው ስር እያስገባ አምልጦ የወጣ ፀጉር ካለ ይፈትሻል፤ የዚያን ጣት ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ያውቁታል። ከዚያ ባላቸው መጣ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፤ ፀጉራቸውን ግን እንደ ግምጃ ቤቱ ዕቃ ነበር የሚጠብቀው። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ፍቺውና ይዩልሽ» ይላል፤ እሳቸውም ከማድ ቤት መጥተው፣ እጃቸውን አድርቀው፣ ሳሎን መሀል ቆመው ይፈቱታል፤ እንግዶቹ «ጉድ ነው!» ይላሉ፤ እሳቸው ጠቅልለው ወደ ድስታቸው ይመለሳሉ። አርባ ዓመታቸው ላይ ክብደቱ ራስ ምታት እያስነሳባቸው «ልቆረጥ ነው» ቢሉት ዘጠኝ ቀን አኮረፈ። በአሥረኛው ቀን «ተውኩት» አሉ። ባላቸው ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ እሳቸው ግን ያችኑ ሃያ ደቂቃ በየማለዳው ሲከፍሉ ኖሩ፣ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ። ፀጉሩ በእሳቸው ራስ ላይ በቀለ እንጂ የእሳቸው ሆኖ አያውቅም።

«በመቀስ ይሁን» አሉ እትዬ ቆራጥ። «ቶንዶሱን አርቀው። አራቱን ጣት አትርፍልኝ፣ ግን አሳምረህ ሥራው።»

ጭጭ ነጩን ልብስ አንገታቸው ላይ አሰረ፤ ጄሶውን ትራስ አምጥቶ አስደገፈላቸው። የመጀመሪያው የመቀስ ድምፅ ጠንከር ያለ ነበር፣ ወፍራም ጂንስ ሲቆረጥ የሚያሰማው ዓይነት። ከኋላቸው አንድ ከባድ ነገር መሬት ወደቀ፤ ራሳቸው ሳያዙት ወደ ፊት ዘለለ። ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ሲጎትታቸው የኖረው ነገር ሲለቃቸው አንገታቸው የት ላይ መቆም እንዳለበት ጠፋው። ሁለተኛው ወደቀ። ሳቅ መጣባቸው፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ፤ ጭጭ ፎጣ አቀበላቸውና እስኪበቃቸው ድረስ መቀሱን ሲስል ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነበር፤ በሥራ ጊዜ ደግሞ እትዬ ቆራጥ አያለቅሱም። «ከየት ነው የምትጀምረው?» አሉ። «ከአናትዎ። ፀጉርዎ ከዚህ ጋር ይዞራል፣ ያዩታል? ወደ ቀኝ ነው የሚተኛው። ያን ካልተከተልኩት ነገ ተነስተው ሲያበጥሩት ይቆማል።» «የጨርቅ አወራረድ እንደማለት ነዋ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «አወራረዱን ስቶ የተቆረጠ ሱሪ ታጥቦ ሲወጣ ይጣመማል።» ጭጭ በመስታወቱ አያቸው። «ልብስ ሰፊ ነዎት?» «ቆራጭ።» ከዚያ ወዲያ አንድ ቋንቋ አወሩ። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ትንሽ አስረዝሞ እንደሚቆርጥ ነገራቸው፤ እሳቸው ጥጥ ጨርቅ ሲቆርጡ እንደዚያው ያደርጉ እንደነበር ነገሩት። ከጆሯቸው ጀርባ ሲደርስ «እዚህ ጋ ጠበብ አድርገው፣ ከላይ ግን ልቀቅልኝ» አሉት፤ «እኔም እሱን ነበር ያሰብኩት» አለ። ስልካቸው ቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጮኸ። ጭጭ መቀሱን አነሳ። «አያነሱትም?» «ይጩህ» አሉ እትዬ ቆራጥ። «ሥራ ላይ ነን።»

ሲያልቅ ከኋላቸው ትንሽ መስታወት ይዞ አሳያቸው። እትዬ ቆራጥ ሥራውን እንደ ባለሙያ ፈተሹት፤ ማጅራቱን፣ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ እኩል መሆኑን፣ ከላይ ነጩ ፀጉር እንዴት ተኝቶ እንደወረደ። አንድም የተዛነፈ መስመር አጡበት። ፊታቸውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። አጥንታቸው ወጥቷል፤ የግንባራቸው መስመር፣ የአንገታቸው ርዝመት፣ እዚያ የነበረ ግን ያላዩት ነገር ሁሉ ተገለጠ። «እማማ፣ አሥር ዓመት ቀነሰልዎት!» አለ ሾፌሩ፣ ሁለት ተጓዥ ስልክ ደውሎለት ሳይሄድ የቀረው። «ዓመቴን ተወኝ፤ ለፍቼበታለሁ» አሉ። «ይልቅ ማጅራቴን ተመልከተው። እንዲህ ያለ ሥራ ሁልጊዜ አታይም።»

ሒሳብ ሲጠይቁ ጭጭ የወንዶቹን ዋጋ፣ መቶ ሃምሳ አላቸው። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» «እሱን ይተዉት።» «እኔ አልተውም። ይሄ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ዋጋ ነው።» አራት መቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ጭጭ ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ የፋብሪካ ዓይናቸውን አሳዩት፤ እጁን ሰበሰበ። ሻሹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወጡ። ነፋሱ ማጅራታቸውን ሲነካው ደነገጡ፤ ሁለተኛ ሲነካቸው ቆመው አስነኩት።

ግቢው መሀል የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ተቀምጧል። ሥሩ አሮጌ አንሶላ ተነጥፏል፤ ቶንዶሱ በማራዘሚያ ገመድ ከሳሎኑ መስኮት ወጥቶ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። ልጃቸው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይንጎራደዳል፤ ሴት ልጃቸው ፋርማሲ የምትሠራበትን ነጭ ጋዋን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ምራታቸው ከሥራ ተጠርታ መጥታ በሩ ጋ ቆማለች። «የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸ ልጃቸው። «አሥር ጊዜ ደወልን! ሐኪም ቤት ልንዞር…» ራሳቸውን አየና ቀሪው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ማንም ምንም አላደረገኝም። ሄጄ ተስተካከልኩ።»

«እማዬ፣ እኛኮ ዛሬ…» አለች ሴት ልጃቸው እየተነሳች።

«ሰምቻለሁ። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ነበርኩ።»

ወንድም እህቱን አየ፤ እህት አንሶላውን አየች። ጎረቤት የሆነ ሰው ባልዲ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ እስኪሞላ ድረስ ተሰማ። «ላንቺ ብለን ነው እማዬ፤ እንዳትቸገሪ» አለ ልጃቸው፣ ድምፁ ወርዶ። «ችግሬን አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ቆራጥ። «እኔ ያላወቅሁት ራሴ የእናንተ የሆነው መቼ እንደሆነ ነው። የተሰበረው እጄ ነው። ምላሴ ደህና ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ የሚወራ ካለ እኔ ባለሁበት ይወራ።»

ምራታቸው ከበሩ ተነስታ መጣችና ከኋላቸው ዞራ ማጅራታቸውን አየች። «እንዴት ነው የሚያምረው!» አለች፤ ባሏ ቀና ብሎ ሲያያት አላቆመችም። «እማማ፣ ጠዋት ልነግርዎት ነበር።» «አውቃለሁ» አሏት። «ሌላ ጊዜ ንገሪኝ።» ሴት ልጃቸው ቀርባ በጣቷ ጫፍ ፀጉሩን ነካችው። «ያምርብሻል» አለች። «አዎ» አሉ እናቷ፣ ሳይሽኮረመሙ።

ልጃቸው ቶንዶሱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፤ ጀመረና ተወው። ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ጉንጉኑስ?» አለ።

«የቱ ጉንጉን?»

«የተቆረጠው። ይዘሽው መጣሽ?»

«ተጠርጎ ተደፋ።»

ልጁ ቶንዶሱን በእጁ አገላበጠው። ግንባሩ ላይ ያለው ፀጉር ሳስቶ ቆዳው ይታያል፤ እትዬ ቆራጥ ይህን ያዩት አሁን ገና ነው። «ልጅ ሆኜ እሱን ጨብጬ ነበር የምተኛው» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ካልጨበጥኩት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ዛሬ ከላጨንሽ በኋላ ጉንጉኑን ላስቀምጠው አስቤ ነበር። በፌስታል አድርጌ።»

የእትዬ ቆራጥ ግራ እጅ ሳያስቡት ተነሳ፤ የልጃቸው ትከሻ ላይ ደርሶ አረፈ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው አልለሰለሰም።

«ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ይዤልህ እመጣ ነበር» አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው።

«በል ተነስ፣ ወንበሩን ወደ ቤት አስገባ» አሉ እትዬ ቆራጥ። «ምሳ አልበላሁም።» ይህን ብለው ቀድመውት ወደ ሳሎን ገቡ። ከኋላቸው የወንበሩ እግር ደረጃው ላይ ሲጋጭ ተሰማቸው፤ ዞረው አላዩም፤ ጠረጴዛው ራስጌ፣ ወንበሩ በተነሳበት ክፍት ቦታ አጠገብ፣ ወንበራቸው እስኪመጣ ድረስ ቆመው ጠበቁ።